ለታዳጊ ቴኒስ ተጫዋች ስፖንሰር መሆን፦ ከአንድ ቀለም ነጋዴ

ሳሪስ አካባቢ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ መደብር አለኝ። ትልቅ ድርጅት አይደለም። ሰባት ሠራተኛ፣ አንድ አሮጌ አይሱዙ፣ ከኋላ አንድ መጋዘን፤ በቃ። "ስፖንሰር" የሚለውን ቃል የማውቀው ከኳስ ቡድን ማሊያ ላይ ነበር። መስከረም 2016 ላይ ግን የአንዲት የ13 ዓመት የቴኒስ ተጫዋች ስፖንሰር ሆንኩ። አሁን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው ነጋዴዎች እየደወሉ "እንዴት ነው የሚደረገው? እኔም አንድ ልጅ አይቻለሁ" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ግማሽ ሰዓት ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው። ከምጽፈው አብዛኛው ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

ልጅቷን ያገኘኋት በቀለም ነው። አንድ ክለብ የውስጥ አጥሩን ሊቀባ ኳርትዝ፣ ለውጭ ግድግዳ የሚሆነውን ቀለም፣ አዘዘን። ሾፌሬ ታሞ ስለነበር ዕቃውን ራሴ አደረስኩ። እያወረድን ሳለ ከኋላ ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ ግድግዳ ላይ ኳስ ትመታለች። ቀለሙን አውርደን ጨረስን። ደረሰኝ ተፈረመ። ሻይ ጠጣን። ስንወጣም ድምፁ አላቋረጠም። አባቷ የሜዳው ሠራተኛ ነው፤ ቀዩን አፈር ውሃ የሚያጠጣው፣ የሚደመድመው፣ መስመሩን የሚጠርገው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ኳስ አቀባይ ነበረች። ራኬቷ ፍሬሙ ላይ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል። እዚህ አገር ጥሩ የሚጫወቱ ብዙ ልጆች በዚህ በር ነው የገቡት፤ ለሌላ ሰው ኳስ እያነሱ።

"ለምን ሯጭ አትይዝም?" ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቴም ብላኛለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሯጭ ጫማ ካገኘ እንጦጦ በነፃ ነው። ቴኒስ ግን ኳሱ ይሞታል፣ የራኬቱ ገመድ ይበጠሳል፣ ሜዳው በሰዓት ይከፈልበታል። ከሁሉም በላይ የሚበልጣችሁን ሰው ካላገኛችሁ አትሻሻሉም። የሚበልጣችሁ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ የሚሰጣት ትንሽ ገንዘብ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የምታመጣውን ለውጥ ሌላ ቦታ አታመጣም። ሳይከፈል ከቀረም ጉዳቱ የዚያኑ ያህል ነው።

ልጁን ስትመርጡ

ዋንጫ አትዩ። አዲስ አበባ ውስጥ በቁም ነገር ቴኒስ የሚጫወቱ ታዳጊዎች ጥቂት ናቸው። በ12 ዓመቱ "አንደኛ" የሆነው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ቁመት ያወጣው ነው። ሁለት ዓመት ጠብቁ፤ ሌሎቹም ይረዝማሉ።

እኔ ያደረግኩት ሳልናገር ሦስት ጊዜ ሄጄ ማየት ነው። አንዴ ልምምድ ላይ፣ አንዴ ውድድር ላይ፣ አንዴ ደግሞ ዝናብ ጥሎ ሜዳው በተዘጋ ቀን። የዝናቡ ቀን የበለጠ ነገረኝ። ሌሎቹ ልጆች ስልክ ላይ ናቸው። እሷ መጠለያው ሥር ገመድ ትዘላለች። ውድድሩ ላይ ደግሞ ተሸነፈች። ስትሸነፍ ማየት ጥሩ ነው። ራኬት ትወረውራለች? ዳኛውን ትሰድባለች? ወደ እናቷ ዞራ ታለቅሳለች? ማልቀስ ችግር የለውም፤ ልጅ ናት። እኔ የፈለግኩት በማግስቱ መምጣቷን ነበር። መጣች።

ከአሰልጣኙም ጋር ተነጋገሩ፤ ግን አሰልጣኙ የሚነግራችሁን በግማሽ ስሙ። እሱም እንጀራው ነው። የትምህርት ቤቷን የክፍል ኃላፊም ጠይቁ። በትምህርቷ አንደኛ መሆን አይጠበቅባትም። የምትቀርባቸውን ቀናት ማን እንደሚያካክስላት ነው ማወቅ ያለባችሁ። ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን ቴኒስና ትምህርት አንድ ላይ እያስያዙ የሚያሠለጥኑበት ፕሮግራም አላቸው። የእነሱን አካሄድ ሳይ ነው ትምህርቱ ከጨዋታው እኩል መያዝ እንዳለበት የገባኝ።

ስለ ትንቢት አንድ ነገር ልበል። በፈረንጆቹ 2022 ዊምብልደን፣ በታዳጊ ሴቶች ጥንድ፣ ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ ከሆላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ዋንጫ አነሳች። ለኬንያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ፍጻሜ ከተሸነፉት ሁለት ካናዳውያን አንዷ ቪክቶሪያ ምቦኮ ናት። ምቦኮ በ2025 በአገሯ፣ ሞንትሪያል ላይ፣ የትልልቆቹን ዋንጫ በላች። ያን ቀን ከሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ "ይቺ ትሄዳለች፣ ያቺ ትቀራለች" የሚል ሰው ቢኖር አፍሮ ይመለስ ነበር። እኔም ስለ ልጅቷ "የት ትደርሳለች?" ሲሉኝ "ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ ትደርሳለች" እላለሁ።

ገንዘቡን በፖስታ አትስጡ

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ ይሄ ነው። 60,000 ብር በፖስታ አድርጌ፣ ክለቡ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ፣ ካሜራ ተይዞ፣ ለአባቷ ሰጠሁ። ተጨበጨበ። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በሦስት ወር ገንዘቡ አለቀ። ራኬቷ ያው በፕላስተር የተጠቀለለው ነው። ተናደድኩና አባቷን ጠራሁት። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። የተጠራቀመ የቤት ኪራይ ነበረበት። የባለቤቱ እናት ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የታናናሾቿ ደብተርና ዩኒፎርም ነበር። "ወንድሜ፣ ምን ላድርግ? ራኬት ገዝቼ አማቴን ላስወጣ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የተቸገረ ቤት ውስጥ ጥሬ ብር አስቀምጬ "ይሄ የቴኒስ ነው" አልኩ። ብር ስም አይለይም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ቀየርኩ። የሜዳና የአሰልጣኝ ክፍያ በየሩብ ዓመቱ በቀጥታ ለተቀባዩ በባንክ ይገባል። ራኬት፣ ገመድና ጫማ እኔ እገዛለሁ። የትራንስፖርትና የምሳ ትንሽ ገንዘብ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ለእናቷ በቴሌብር ይላካል። ለእናቷ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ወደ ልምምድ የምታመላልሳት እሷ ናት። ቤቱ ሲቸገር ከረዳሁ ደግሞ በሌላ ስም፣ በሌላ ቀን፣ ያለ ካሜራ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ቀኑን ማክበር ከመጠኑ በላይ ነው። አንድ ወር ዘግይቶ የገባ 20,000 ብር፣ በሰዓቱ ከገባ 8,000 ያንሳል። የውጭ ውድድር ምዝገባ ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ገበያ ቀዝቅዞብኝ የዘገየሁበት አንድ ጊዜ ልጅቷ ስድስት ወር የተዘጋጀችበት ውድድር አመለጣት። አልተቆጣችም። "ችግር የለም ጋሼ" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱ ምን ይበላል?

ሰው ራኬት ይመስለዋል። ራኬት ትንሹ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ራኬት ያስፈልጋታል። አንዱ ጨዋታ መሀል ገመዱ ቢበጠስ ሌላውን ታነሳለች። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ክብደት ይሁን። እኔ መጀመሪያ ሁለት የተለያየ ገዝቼ ነበር፤ አንዱ ቆንጆ ሰማያዊ ስለነበረ።

ገመዱ ግን ቋሚ ወጪ ነው። የቆየ ምክር አለ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ የምትጫወት ከሆነ በዓመት ያን ያህል ጊዜ ገመድ ቀይር ይላሉ። ይሄ ለእንደኛ ዓይነቱ ሸንቃጣ ነኝ ባይ ሽማግሌ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የምትመታ ልጅ ከዚያ በላይ ትበጥሳለች። እዚህ ላይ የነጋዴ ጭንቅላት ይጠቅማል። በአንድ በአንድ የታሸገውን አትግዙ። 200 ሜትር ጥቅልል አለ። አንድ ራኬት 12 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ከአንድ ጥቅልል 16 ራኬት ይወጣል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የእኔን ከዱባይ የእህቴ ልጅ ነው የምታመጣው።

ጫማ ሌላው ነው። ቀይ አፈር ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት። ጎኑና ጫፉ ያልቃል። የሩጫ ጫማ ገዝታችሁ እንዳትሰጧት፤ ለቀጥታ የተሠራ ነው፣ ወደ ጎን ስትቆም ቁርጭምጭሚቷን ይጥላታል። ያደገ እግርም አለ። ከሁለት ጥንድ በላይ በአንድ ጊዜ አትግዙ። ቅናሽ አይቼ አራት ገዝቼ ሁለቱን አሁን የሱቄ ጸሐፊ ታደርጋቸዋለች።

ኳስ ላይ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ኳስ ይፈጥናል፣ ይርቃል፣ ሲነጥርም ከፍ ይላል። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የሚሆን የተለየ ኳስ ያጸድቃል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ከውጭ አንድ ካርቶን ተራ ኳስ አስመጣሁ። አሰልጣኙ አንዱን ቆርቆሮ ከፈተና መታው። አጥር ዘለለ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ ለከፍታ ቦታ የሚል መኖሩን እዩ።

ነገሩ የጉዞ በጀታችሁንም ይነካል። ናይሮቢና ኪጋሊም ከፍታ ላይ ስለሆኑ ልጅቷ ብዙ አይከብዳትም። ዳሬሰላም ወይም ሞምባሳ ስትወርድ ግን ኳሱ እጇ ላይ ድንጋይ ይሆናል። እዚህ መስመር ላይ የሚያርፈው ምቷ እዚያ መረቡን አያልፍም። ስለዚህ ወደ ባህር ዳርቻ ከተማ የምትሄድ ከሆነ ውድድሩ ከመጀመሩ ሦስት አራት ቀን ቀድማ ትድረስ። እነዚያ የሆቴል ቀናት ትርፍ ወጪ ይመስላሉ። አይደሉም። እነሱን ቆርጣችሁ የአውሮፕላን ቲኬቱን ብቻ ከከፈላችሁ፣ ቲኬቱንም ጣላችሁት ማለት ነው።

ትልቁ ወጪ እንግዲህ ጉዞ ነው። የዓለም የታዳጊዎች ውድድር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ደረጃዎቹ ከጄ30 ይጀምሩና ጄ60፣ ጄ100 እያሉ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ቁጥሩ አሸናፊው የሚያገኘው ነጥብ ነው። ጀማሪ ልጅ ጄ30 ትፈልጋለች። ለመመዝገብ አይፒን የሚባል የተጫዋች ቁጥር ማውጣት አለባት፤ ዓመታዊ ክፍያ አለው፣ አትርሱት። የአገራችን ቴኒስ ፌዴሬሽንም ሳያውቅ አይሆንም። እኛ ከኬንያ ጋር ቪዛ ስለማንጠያየቅ ናይሮቢ ለመጀመሪያ ጉዞ ጥሩ ናት። ሕፃን ልጅ ድንበር ስትሻገር ግን የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ በእጅ ይሁን። ከእሷ ጋር የሚሄደውም ሰው ወጪ በጀቱ ውስጥ ይግባ። ሴት ልጅ ከሆነች አብራት የምትሄድ ሴት ትኑር። እኔ ስፖንሰሩ ብቻዬን ይዣት አልሄድም፤ ሄጄም አላውቅ። ይሄ ስለ እኔ ጨዋነት አይደለም። ደንብ ይሁን፤ ማንም ሰው ላይ ይሥራ።

አንድ ምክር፦ ጥንድ ጨዋታውን አትናቁ። አንዳንድ ወላጅና ስፖንሰር በነጠላ ከተሸነፈች "ነይ ወደ ቤት" ይላል። ቲኬቱ ተከፍሏል፣ ሆቴሉ ተከፍሏል። በጥንድ ትቆይ። ነጥብ አለው። ያቺ ኬንያዊት ዊምብልደን ላይ ስሟ የተጠራው በጥንድ ነው።

ውሉ

ውል ያስፈልጋል ስል ሰዎች ይሳሳቃሉ። "ለአንዲት ሕፃን ውል?" ይላሉ። ውሉ የሚጠብቀው እሷን ነው። እኔን የሚጠብቀው ቀጥሎ ነው።

ከ18 ዓመት በታች ስለሆነች መፈረም አትችልም። ወላጆቿ ይፈርማሉ፤ ሁለቱም። አንዱ ብቻ ፈርሞ በኋላ ሌላው "አላውቅም" ያለበት ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ሰልፉ ያስመርራል፤ ግን አንዴ ነው። እሷም ባትፈርም ተቀምጣ ትስማ። የእኔዋ ስትሰማ ቆይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ከተሸነፍኩ ይቋረጣል?" ውሉ ውስጥ "በውጤት ምክንያት አይቋረጥም" የሚል ዓረፍተ ነገር የገባው በዚያ ምክንያት ነው። ጠበቃው አላሰበውም፣ እኔም አላሰብኩትም።

የውሉ ዘመን አንድ ዓመት ይሁን፣ የሚታደስ። የአምስት ዓመት ውል ከሕፃን ጋር አትግቡ። እናንተም በአምስት ዓመት የት እንደምትሆኑ አታውቁም፣ እሷም ሐኪም መሆን ልትፈልግ ትችላለች። ማቋረጥ የፈለገ ወገን ሦስት ወር ቀድሞ ይንገር። የተገዛው ዕቃ የእሷ ነው፤ ስታቋርጥም ራኬት አይመለስም። ከተጎዳች በሕክምናዋ ጊዜ ወርኃዊው ይቀጥላል።

የምትሰጡትን በብር ሳይሆን በዕቃ ጻፉ። ይሄን በውድ ተማርኩ። የመጀመሪያው ውሌ ለሁለት ራኬትና ለገመድ ይህን ያህል ብር ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። በወረቀት ላይ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ። በተግባር ግን የጻፍኩት ገንዘብ አንድ ራኬት ከግማሽ ሆነ። ግማሽ ራኬት ደግሞ የለም። ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁ። አሁን ውላችን "ሁለት ራኬት፣ ሦስት ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ጥቅልል ገመድ፣ ሁለት የውጭ ጉዞ" ነው የሚለው። ዋጋው የእኔ ጣጣ ነው። ነጋዴ እኔ ነኝ፤ የገበያን ነገር ከእሷ እኔ እሻላለሁ።

ስለ ሽልማት ገንዘብ ደግሞ አንድ ወዳጄ "ወደፊት ከምታገኘው 20 በመቶ አስፈርማት" ብሎኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከዚያም በላይ ነውር ነው። የ13 ዓመት ልጅ የወደፊት ገቢዋን ምን ብላ ትሸጣለች? በተጨማሪም ብዙዎቹ ጎበዝ ልጆች የሚሄዱት በአሜሪካ ኮሌጅ በኩል ነው። ኦኩቶዪም ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተጫወተች ነው በፈረንጆቹ 2024 የአፍሪካ ጨዋታዎች አክራ ላይ በነጠላ ወርቅ ያገኘችው። የኮሌጅ ስፖርት ደግሞ ተጫዋቹ ከማን ምን እንደተቀበለ፣ ምን እንደፈረመ የሚጠይቅ ደንብ አለው፤ ደንቡም ይቀያየራል። ዛሬ በስስት የምታስፈርሙት ወረቀት ነገ በሩን ሊዘጋባት ይችላል። ደረሰኙን ሁሉ በአንድ ክላሰር አስቀምጡላት። የሚያስፈልጋት ቀን ሊመጣ ይችላል።

ሎጎው

እዚህ ላይ የሆነውን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። ለመጀመሪያው የናይሮቢ ጉዞዋ ስድስት ቲሸርት አሳተምኩላት። ጀርባው ላይ የመደብሬ ስም፣ የቀለም ባልዲ ሥዕል፣ ሁለት ስልክ ቁጥር። ከሩቅ ይነበባል። ማተሚያ ቤቱ ራሱ "ጋሼ አልበዛም?" ብሎኝ ነበር።

ሜዳ ከመግባቷ በፊት ዳኛዋ አስቆመቻት። ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የማስታወቂያ ምልክት የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር እንደሚሆን በደንብ ተጽፎ ይለካል። የእኔ የበር ታፔላ ነበር። ሌላ ልብስ አልያዘችም፤ ስድስቱንም አንድ ዓይነት አድርጌያቸዋለሁ። ቲሸርቱን ገልብጣ ለበሰች። ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ኮሌታው ጀርባ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ። እንደዚያ ሆና ሁለት ሰዓት ተጫወተች። ፎቶው አለኝ። ሱቅ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ካሳተምኩት ማስታወቂያ ሁሉ ብዙ ወሬ ያስገኘልኝ እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የውድድሩን ደንብ አንብቡ፣ ከዚያ አሳትሙ። እጅጌ ላይ ትንሽ ምልክት ይበቃል። የሲጋራና የውርርድ ድርጅት ስም ለታዳጊ አይታሰብም። ፎቶዋን ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ወላጆቿን አስፈቅዱ፤ ትምህርት ቤቷ የቱ እንደሆነ፣ ልምምዷ ስንት ሰዓት እንደሆነ አትጻፉ።

እውነቱን ለመናገር ጄ30 ላይ ሎጎ የሚያየው የለም። ተመልካቹ እናቶች፣ አሰልጣኞችና አንድ ሁለት የደከሙ ሾፌሮች ናቸው። ለሱቄ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። በመስከረም ለደንበኞች የማድለውን ካላንደር በእሷ ፎቶ አሠራሁ። ኮንትራክተሮቹ ቢሮ ሰቀሉት። "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" እያሉ ይገባሉ፤ ሲገቡ ቀለም ይገዛሉ። የሠራተኞቼ ልጆች ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ከእሷና ከአሰልጣኟ ጋር ይጫወታሉ። መጋዘን ጠባቂዬ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሥራ መልቀቂያ ያስገባል ብዬ አልሰጋም።

ሒሳቡን በአጭሩ፦ ስፖንሰርነት ከሆነ ማስታወቂያ ነው፤ ውል፣ ደረሰኝና ማስታወቂያው እንደወጣ የሚያሳይ ፎቶ ይኑር። ልገሳ ከሆነ ሕጋዊ ለሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ካልሆነ ብዙውን ጊዜ ወጪ ተብሎ አይያዝላችሁም፤ አንዲት ልጅ ድርጅት አይደለችም። ያንን የመጀመሪያ ፖስታ የሒሳብ ሠራተኛዬ "ምን ብዬ ልጻፈው?" ብላ ጠይቃኝ መልስ አጥቻለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት የእናንተን ጠይቁ።

አሰልጣኝ አትሁኑ

ገንዘብ የከፈለ ሰው አፉ ይበላዋል። እኔም አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ "ወደ መረቡ ግቢ!" ብዬ ጮህኩ። ነጥቡን ጣለችው። አሰልጣኙ መጥቶ በትህትና "ጋሼ፣ ሱቅዎ ስመጣ ቀለም ስለ መበጥበጥ አስተያየት ሰጥቼዎት አውቃለሁ?" አለኝ። አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ኮፍያዬን አድርጌ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

በነገራችን ላይ ከሁሉም የተሻለው ወጪዬ በጣም ርካሹ ነው። ክለቡ ሲፈቅድልን ያንን የምትመታበትን ግድግዳ በራሴ ቀለም አስቀባሁት። አረንጓዴ ኳርትዝ፣ በላዩ ነጭ መስመር። መስመሩ በመረቡ ቁመት ነው፤ መሀሉ 91.4 ሴንቲሜትር፣ ዳርና ዳሩ 1.07 ሜትር። ሰው ሁሉ መረብ ቀጥ ያለ ይመስለዋል፤ መሀሉ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ቀጥ አድርገን አስምረን አባቷ ነው ያረመን። የሱቄ ስም በጥግ በኩል፣ በእጅ መዳፍ ልክ ተጽፏል። አሁን ያንን ግድግዳ የሚጠቀሙት እሷ ብቻ ሳትሆን ወደ ሠላሳ ልጆች ናቸው። እናንተም ዳቦ ቤት ቢኖራችሁ፣ ጋራዥ ቢኖራችሁ፣ መጀመሪያ ከመደርደሪያችሁ ምን መስጠት እንደምትችሉ እዩ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ነጩን መስመር አጠበው። ኳርትዝ ጨርሰን ስለነበር መስመሩን የውስጥ ፕላስቲክ ቀለም ነበር የቀባነው፤ ቀለም ሻጭ ሆኜ ይሄን ማድረጌን ለማንም አትንገሩ። መስከረም ላይ ደወለችልኝ። የሚቀጥለው ውድድር ጉዳይ መስሎኝ ነበር። "ጋሼ፣ መስመሩ አይታይም። ትንንሾቹ የት እንደሚመቱ አያውቁም" አለችኝ። አንድ ጋሎን ነጭ ኳርትዝና ሁለት ብሩሽ ላክሁላት። ብሩሾቹን እንድትመልስ ነግሬያታለሁ። አንዱ ብቻ ነው የመጣው።